ከወላጅ ሞት በኋላ፦ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚቀመጥ ጥሪትና የአደራ ታሪክ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሰሜንን ተራሮች ተሻግሮ ወደ በየዳ የሚዘልቅ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያስተውለው የአገሩን ብርድና የገብሱን ማሳ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የራስ ደጀን ተራራ በሚገኝበት በዚህ ደጋ የገበሬው ሀብት ገብስ፣ በግና ጉልበት ነው። ከሦስቱም ጉልበት ይቀድማል፤ ገብሱ የሚዘራው፣ በጉም የሚጠበቀው በሰው ጉልበት ነውና። እንግዲህ በእንዲህ ያለው አገር እጁ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት፣ ዓይኑ የማያይለት፣ ወይም አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያልጎለመሰ ልጅ ያለው ገበሬ በሕይወቱ ሳለ ከልቡ የማይጠፋ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም «ከእኔ በኋላ ይህ ልጅ በማን እጅ ይወድቃል?» የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ የገበሬው ብቻ አይደለም። በጎንደር፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖር ደመወዝተኛም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ገበሬው መሬትና በግ፣ ደመወዝተኛው ደግሞ ቤት፣ የባንክ ተቀማጭና የጡረታ መብት ያለው መሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱም ወላጆች ልጃቸውን ከልብ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ፍቅር ከወላጁ ጋር ሲቀበር በሥርዓት የተቀመጠ ጥሪት ብቻ ይቀራል። ስለሆነም የጥያቄው ፍሬ ነገር የሀብቱ ብዛት ሳይሆን የሀብቱ አቀማመጥ ነው።

ነገሩ በታሪክ ሲመረመር ለአካል ጉዳተኛ የሚቀመጥ ጥሪት እንዲጸና ሦስት ነገሮች ተሟልተው መገኘት እንዳለባቸው ይታያል። አንደኛው በቀላሉ የማይባክን ሀብት ነው። ሁለተኛው ያንን ሀብት ለባለመብቱ ጥቅም የሚያንቀሳቅስ እጅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያንን እጅ የሚጠባበቅ ሌላ ዓይን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ አይበቁም። ቀጥሎ የሚቀርበው እነዚህ ሦስት ምሰሶዎች በሰሜን መንደር እንዴት ቆመው እንደነበር፣ እንዴትስ እንደተነቃነቁና የአገሪቱ ሕግ በምን ሊተካቸው እንዳሰበ የሚያሳይ አጭር ታሪክ ነው።

የርስት ዘመን

በቀድሞው የቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የገበሬው ዋነኛ የመሬት ሥርዓት ርስት ነበር። ርስት ማለት መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅበት መብት ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመብቱ ምንጭ ልደት እንጂ ጉልበት ባለመሆኑ ዓይነ ሥውሩም፣ መራመድ የተሳነውም ከወንድሞቹ ጋር እኩል የርስት ልጅ ነበር። ርስት እንደ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ለባዕድ የሚሸጥ ስላልነበረም፣ የተቸገረ ወይም የተታለለ ሰው እንኳ ጥሪቱን በአንድ ቀን ሊያጣ አይችልም ነበር። የመጀመሪያው ምሰሶ ይህ ነበር።

ሁለተኛው ምሰሶ የዘመድና የጎረቤት ጉልበት ነው። ማረስ ያልቻለ ባለርስት መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ከምርቱ ድርሻውን ይቀበላል። በግ ቢኖረው ለሚያረባለት ሰው ሰጥቶ ግልገሉን ይካፈላል። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ደቦ ይወጣለታል። ከሁሉም በላይ ግን ጧሪ የመምረጥ ልማድ ነበር፤ ይኸውም ወላጅ ከልጆቹ ወይም ከዘመዶቹ አንዱን ጠርቶ «ይህን ልጅ ጡርልኝ፤ ድርሻውን አንተ ታርሳለህ፤ እርሱም ከማዕድህ ይበላል» ብሎ የሚያዝበት ነው። በዛሬ አነጋገር ይህ ሀብትን ከግዴታ ጋር አያይዞ የማስተላለፍ ውል ነው።

ሦስተኛው ምሰሶ የመንደሩ ዓይን ነበር። ኑዛዜ የሚነገረው የነፍስ አባትና ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። አደራ የበላ ጧሪ በማኅበር ጽዋ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፊቱን የሚያሳይበት አያገኝም። የተጻፈ ወረቀት ባይኖርም እርግማንና የሰው ሐሜት የማይናቅ ዋስትና ነበሩ። ከዚህም ጋር ቤተ ክርስቲያን ሌላ በር ትከፍት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአብዛኛው በቃል የሚጠና ስለሆነ፣ ዓይነ ሥውር ልጅ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ተልኮ በዕውቀቱ የሚከበርና የሚኖር መምህር ሊሆን ይችል ነበር። ጥሪት የሚባለው መሬትና ከብት ብቻ እንዳልሆነ አባቶች በዚህ አስመስክረዋል።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን ጉድለት አልነበረውም ማለት ራስን ማታለል ነው። የርስት መብት በልደት ቢገኝም የሚጸናው በሙግት ነበር። ዘር ቆጥሮ፣ ምስክር አሰባስቦ፣ በዳኛ ፊት የሚሟገት አንደበት የሌለው ሰው ድርሻው በጉልበተኛ ዘመድ ሊዋጥ ይችል ነበር። መስማትና መናገር ለተሳነው ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰው ይህ ከባድ ፈተና ነው። በብዙ ቤትም እንዲህ ያለው ልጅ የኃጢአት ወይም የእርግማን ምልክት ነው በሚል የተሳሳተ አስተሳሰብ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ይኖር ነበር፤ መንደሩ ያላየውን ሰው ደግሞ መንደሩ ሊጠብቀው አይችልም። ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ አንድ ቤት ሲዘም ሌሎቹ ደግፈው የሚያቆሙት ዓይነት ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አገሩን እንደመታው «ክፉ ቀን» ያለ ረሀብ ሲመጣ ግን ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚዘሙ ደጋፊ አይኖርም። እንዲህ ባለው ጊዜ አስቀድሞ የሚወድቀው በሌላው ጉልበት የሚኖረው ሰው ነው።

የ1952ቱ ሕግና በወረቀት የቀረው አደራ

ፍትሐ ነገሥት ስለ ሞግዚትና ስለ ውርስ ሥርዓት ያኖረ ስለሆነ ነገሩ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አልነበረም። በዘመናዊ መልክ የተደነገገው ግን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው።

ሕጉ ሁለት መንገዶችን ከፍቷል። የመጀመሪያው በሰውየው ላይ የሚያተኩር ነው። አእምሮው የታወከ ሰው ለራሱ ጥቅም ሲባል በፍርድ ቤት ውሳኔ ሥራዎችን ከመፈጸም ተከልክሎ አሳዳሪና ሞግዚት ይሾምለታል። አንቀጽ 340 ደግሞ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ሥውራንና በጸና ደዌ ምክንያት ራሳቸውን ለመጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ለማስተዳደር ያልቻሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል። ሕግ አውጪው የገጠሩንም ኑሮ አልዘነጋም። አንቀጽ 342 ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት ቀበሌ የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም በግልጽ የታወቀ ነው የሚባለው፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ሁኔታው የሚጠይቀውን ጥበቃ ሲያደርጉበትና በዚሁ ምክንያት እንደልቡ እንዳይዘዋወር ሲገድቡት መሆኑን ደንግጓል። ሐኪም ቤት በሌለበት መንደር የቤተሰቡ አኗኗር ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሀብቱ ላይ የሚያተኩር ሲሆን ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ይገኛል። ይህም አደራ ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት አንድ ሰው በስጦታ ወይም በኑዛዜ የተወሰነ ንብረቱን ለይቶ ራሱን የቻለ አቋም እንዲኖረው ካደረገ በኋላ፣ ባለአደራ የተባለው ሰው በመሥራቹ መመሪያ መሠረት ለተወሰነ ተጠቃሚ ጥቅም እንዲያስተዳድረው ያደርጋል። ንብረቱ ከባለአደራው የግል ሀብት ጋር አይቀላቀልም። ባለአደራው እንደ ጠንቃቃ አስተዳዳሪ መሥራትና ሒሳብ ማቅረብ አለበት፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ይህ ድንጋጌ የመንደሩን ሦስት ምሰሶዎች በሕግ ቋንቋ የጻፈ ነው። የተለየው ንብረት በርስት፣ ባለአደራው በጧሪ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በሽማግሌዎች ቦታ ቆመዋል። በሁለቱ መንገዶች መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። ክልከላ የሰውየውን መብት ይቀንሳል፤ አደራ ግን የሰውየውን መብት ሳይነካ ሀብቱን ብቻ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራት፣ የመውረስና የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ካረጋገጠ ወዲህ ይህ ልዩነት ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። ዓይነ ሥውር የሆነ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሀብቱን ራሱ ማስተዳደር ሲችል ሞግዚት መሾም ጥበቃ ሳይሆን ጉዳት ነው። የሚያሳዝነው ግን ሞግዚትነት በየፍርድ ቤቱ የተለመደ ቃል ሲሆን፣ የአንቀጽ 516 አደራ ለብዙው ቤተሰብ ስሙ እንኳ እንግዳ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ከየካቲት 1967 በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀርቶ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየት ተከለከለ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር አልተፈቀደም። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ለማውጣት ያለመ ቢሆንም ማረስ ለማይችለው ባለይዞታ የራሱ ችግር ነበረው፤ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ድርሻ የሚቀበልበት የቆየ መንገድ በሕግ ተዘጋበት። በምትኩ አዋጁ በዕርጅና፣ በልጅነት ወይም በሕመም ምክንያት ማረስ ያልቻሉትን ሰዎችና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ይዞታ የማሳረስ ተግባር ለገበሬ ማኅበራት ሰጠ። ስለዚህ ጠባቂነቱ ከዘመድ ወደ ማኅበር ተሸጋገረ። ማኅበሩ በበረታበት ቦታ ማሳው ታረሰ፤ ማኅበሩ በደከመበት ቦታ ግን ባለመብቱ ዘመዱንም ማኅበሩንም አጣ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለውን መርሕ ይዞ ሲቀጥል፣ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ አዟል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ሠርተው ለማይበሉ ቤተሰቦች ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥበትን ክፍል አካቷል። የአማራ ክልል በበኩሉ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት አዋጅ ባለይዞታው መሬቱን እስከ 25 ዓመት እንዲያከራይና የመጠቀም መብቱን በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። በዚህም ማረስ ያልቻለ ሰው ከይዞታው ገቢ የሚያገኝበት በር ዳግመኛ ተከፈተ። የይዞታ ደብተሩም የሽማግሌን ትዝታ የሚተካ ጽሑፍ ሆነ። ነገር ግን ደብተር የሚጠብቀው በውስጡ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው። ከሰው ዓይን ተሰውሮ ያደገ ልጅ ከመዝገብም የተሰወረ እንደሆነ ወላጁ በሞተ ማግስት መብቱን የሚያስረዳበት አያገኝም። በመላ አገሪቱ የልደትና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጀመሩ ከዚህ አንጻር ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም።

የመሬቱ ዋስትናም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የጊች መንደር ነዋሪዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ለትውልድ የሚሻገር የነበረው መሬት በአንድ ቀን ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ገንዘብ ደግሞ እንደ ማሳ በቦታው አይቆይም፤ ሊበደሩት፣ ሊበሉት፣ ሊያጠፉት ይቻላል። በዚህ ቅጽበት ለአካል ጉዳተኛው ድርሻ አደራ ካልተቋቋመለት ሌላ የሚቋቋምበት ጊዜ አይገኝም።

ደመወዝተኛውና የ21 ዓመቱ ድንበር

በከተማ የሚኖረው ደመወዝተኛ ተስፋው ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በሕግ ከቆመ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ መከታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ድርጅት በመንግሥት ትእዛዝ ተመሥርቷል። ይሁንና የተተኪዎች ጡረታ ለሕፃናት እንጂ ለዕድሜ ልክ ጥገኛ የታሰበ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የሟች ልጅ እስከ 18 ዓመት ዕድሜው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ጽኑ ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ እስከ 21 ዓመቱ አበል እንዲያገኝ ወሰነ። አባቱን በ10 ዓመቱ ያጣና እስከ 60 ዓመቱ የሚኖር ሰው በዚያ አዋጅ ሥርዓት ለ11 ዓመት ብቻ ይረዳ ነበር፤ የቀሩትን 39 ዓመታት ድጋፍ ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብም ብቻውን አይበቃም። በቅርብ ዓመታት የዋጋ ንረት በዓመት ከ20 በመቶ በላይ የሆነበት ጊዜ ታይቷል። በ20 በመቶ ንረት የአንድ ብር የመግዛት ኃይል በ4 ዓመት ገደማ ግማሽ ይሆናል። የበየዳ ገበሬ ጥሪቱን በበግ ማስቀመጡ ከኋላ ቀርነት ሳይሆን ከሒሳብ የመነጨ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ በግ ይወልዳል፣ ዋጋውም ከገበያው ጋር አብሮ ይሄዳል። የከተማውም ወላጅ ይህንኑ ምሳሌ ተከትሎ ጥሪቱን ኪራይ በሚያስገባ ቤት፣ በአክሲዮን፣ በሕይወት መድን ካሳና በተቀማጭ ቢከፋፍለው ይበጀዋል።

ከባሕር ማዶ የሚቀሰመው ትምህርት

አደራ በዓለም ታሪክ ረጅም ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን ባለርስቶች መሬታቸውን በወዳጅ ስም አድርገው ለቤተሰባቸው ጥቅም እንዲይዝላቸው ያደርጉ ነበር፤ ልማዱ ከመስፋፋቱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1536 ፓርላማው ሊገድበው ሕግ አውጥቷል። በእስላሙ ዓለም ወቅፍ ተመሳሳይ ተግባር ሲፈጽም ኖሯል።

ለአካል ጉዳተኞች የተለየ አደራ በስፋት የዳበረው ግን በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 የተደነገገው የአካል ጉዳተኞች የገንዘብ ድጎማ የሚሰጠው ሀብት ለሌለው ሰው ሲሆን፣ ከ1989 ጀምሮ ለአንድ ሰው የተወሰነው የሀብት ጣሪያ 2,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ በቀጥታ ያወረሰው ገንዘብ ልጁን ከድጎማውና ከሕክምናው ሊያስወጣው ይችላል። ይህን ችግር ለማለፍ ሀብቱ በልጁ ስም ሳይሆን በባለአደራ እጅ ተይዞ መንግሥት የማይሸፍነውን ብቻ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግም ለአካል ጉዳተኛው በራሱ ገንዘብ እንዲህ ያለ አደራ የሚቋቋምበትን መንገድ ደንግጓል። ይህ ጉዳይ በባሕር ማዶ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን በቀጥታ ይነካል። ዳባት ያለች አያት ቤቷን ሸጣ በአሜሪካ ለሚኖር አካል ጉዳተኛ የልጅ ልጇ ገንዘቡን በስሙ ብታወርሰው፣ በፍቅር የሰጠችው ስጦታ ድጎማውን ሊያስቀርበት ይችላል።

በእኛ አገር ግን የአደራ ተግባር ይለያል። በአሜሪካ አደራ የሚቋቋመው በዋነኛነት የመንግሥትን ድጎማ ላለማጣት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመንግሥት ድጎማ አነስተኛ ስለሆነ አደራ የሚያስፈልገው ሀብቱን ከሦስት ነገሮች ለመጠበቅ ነው፤ ከሚቀራመቱ ዘመዶች፣ ከዋጋ ንረትና ከባለአደራው ሞት። ስለዚህ የውጭውን ቅጽ እንዳለ መገልበጥ አይጠቅምም።

ወላጆች በግል ብቻ ሳይሆን በጋራም ሊያቋቁሙ የሚችሉት ነገር እንዳለ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ ምስክር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ማዕከሉ ከመሥራቹ በኋላም ሥራውን መቀጠሉ የአንድ ወላጅ ጭንቀት ተቋም ሲሆን ከወላጁ ዕድሜ ሊያልፍ እንደሚችል ያሳያል።

የአገልግሎት ዘመን

አንድ ድልድይ ሲነደፍ መሐንዲሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ገደል የሚወርደው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ እስከ ዛሬ የዘለቀው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ስለተጠገነ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የሚቀመጥ ጥሪትም እንዲሁ ነው። የዘመኑ መለኪያ የወላጁ ዕድሜ ሳይሆን የልጁ ዕድሜ መሆን አለበት፤ ጥገናም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ዛሬ ይህን የሚያስብ ቤተሰብ ከታሪኩ የሚያገኘው መመሪያ ግልጽ ነው። ልጁ ይታይ፤ ስሙ በልደት መዝገብና በሚገባው ሰነድ ሁሉ ይስፈር። ኑዛዜው በሕግ በታዘዘው ሥርዓት ይጻፍ። የእርሻ መሬት በይዞታ እንጂ በባለቤትነት የማይያዝ ስለሆነ የመሬቱ ጉዳይ በመሬት አዋጁ መሠረት ይፈጸም፤ ቤት፣ ተቀማጭ፣ ከብትና የመድን ካሳ ግን በአደራ ሊያዙ ይችላሉ። ባለአደራ ሲመረጥ የሚተካውም አብሮ ይመረጥ። ልጁን የሚያኖረው ሰውና ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው ከተቻለ የተለያዩ ይሁኑ፤ በሁለቱም ላይ የሚጠባበቅ ሦስተኛ ሰው ይኑር። ልጁ የሚወደው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚያስፈራው ነገር በአንድ ወረቀት ይስፈር፤ ይህን ከወላጁ በቀር የሚያውቅ የለምና። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ራሱ ፈቃዱን በቃልም ሆነ በምልክት መግለጽ በሚችለው መጠን ይጠየቅ።

በሦስተኛው ምሰሶ ላይ የባልደረቦች ማኅበር ድርሻ አለው። የጥንቱ መንደር ያደርግ የነበረውን ጥበቃ ዛሬ ከትውልድ ቀዬው ርቆ ለሚኖር ባለሙያ የሚያደርግለት ጎረቤት የለም። የሙያ ማኅበር ግን አባላቱ ቢሞቱም ይቀጥላል፤ መዝገብ አለው፤ ሒሳብ መመርመር ያውቃል። የሟች ባልደረባን ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ የሚጎበኝና የባለአደራውን ሒሳብ የሚመለከት ኮሚቴ መሰየም ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። በበየዳ ደጋ «ይህን ልጅ ጡርልኝ» ብሎ የተናዘዘ ገበሬ የተማመነው ቃሉን የሰሙት ሽማግሌዎች በማግሥቱም በመንደሩ እንደሚኖሩ ነበር። የዛሬው ወላጅም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።